የምረቃ ቀን ከመናገራችሁ በፊት፦ ለመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት መሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክልል ውሃ ቢሮ ኃላፊዎች፣ ለዞንና ለወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ ለከተማ ከንቲባዎች

ጉዳዩ፦ ለሕዝብ የሚነገረው ተስፋ ከፕሮጀክቱ እውነተኛ ሁኔታ ጋር እንዲገናኝ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክቶችን በማጥናት፣ በመንደፍና በመቆጣጠር ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለሕዝብ ቀን ከመናገራችሁ በፊት ያ ቀን በምን ላይ እንደቆመ መርምሩ፤ የቆመበትንም ነገር ከቀኑ ጋር አብራችሁ ተናገሩ።

ቃል አትግቡ ማለታችን አይደለም። ነዋሪው ከኪሱ የሚያዋጣው፣ ወጣቱ ቦይ ሊቆፍር የሚወጣው፣ አርሶ አደሩ የቧንቧ መስመር በማሳው እንዲያልፍ የሚፈቅደው ውሃው ይመጣል ብሎ ስላመነ ነው። ይህን እምነት መፍጠር የእናንተ ሥራ ነው፤ እኛ በስሌት ልንተካው አንችልም። የሚያሳስበን እምነቱ የሚጠፋበት መንገድ ነው። ሁለት ጊዜ ቀን ተነግሮት ሁለት ጊዜ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ምንጩ የተመለሰ ሰው በሦስተኛው ስብሰባ ላይ አይገኝም። የውሃ ኮሚቴው ይበተናል፣ መዋጮው ይቆማል፤ ውሃው በመጨረሻ ሲመጣ እንኳ ቆጣሪ ለማስገባት የሚመዘገበው ሰው ጥቂት ይሆናል።

ቀኑ ብዙ ጊዜ ገና ከአመራረጡ ይሳሳታል። «እስከ ሰኔ 30 ውሃ ይደርሳል» የሚባለው ሥራው ያን ጊዜ ስለሚያልቅ ሳይሆን የበጀት ዓመቱ ያን ጊዜ ስለሚዘጋ ነው። ያልተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ሲባል ዕቅዱ ከሰኔ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይቆጠራል። ቁፋሮ ሁለት ወር፣ ማጠራቀሚያ ሦስት ወር፣ ቧንቧ ቀበራ አራት ወር ተብሎ ሲደመር ልክ ሰኔ ላይ ያርፋል፤ የሚያርፈውም እንዲያርፍ ተደርጎ ስለተደመረ ነው። ሰማዩ ግን ለበጀት ዓመት አይገዛም። በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ክረምቱ የሚገባው በዚያው ሰኔ ነው። የመቆፈሪያው ማሽን ጥቁር አፈር ባለበት የገጠር መንገድ ከዝናቡ በፊት ካልገባ መንገዱ እስኪደርቅ፣ ማለትም እስከ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ድረስ አይገባም። በግንቦት አንድ ወር የዘገየ ሥራ በዓመቱ መጨረሻ አራት ወር ዘግይቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የስሌት ነው። አንድ መካከለኛ የከተማ ውሃ ፕሮጀክት በጊዜው እንዲያልቅ ቢያንስ አምስት ነገሮች መሳካት አለባቸው፦ ጉድጓዱ የተገመተውን ያህል ውሃ መስጠት፣ ፓምፑና የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ከውጭ መግባት፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ትራንስፎርመር መድረስ፣ መስመሩ ለሚያልፍበት መሬት ካሳ መከፈል፣ ተቋራጩ ክፍያውን በወቅቱ ማግኘት። የእያንዳንዳቸው በጊዜው የመሳካት ዕድል 80 በመቶ ነው እንበል። ይህ ጥሩ ዕድል ነው፤ ስለ አንዱ ብቻ የተጠየቀ ባለሙያ «ይደርሳል» ቢል አልዋሸም። አንዱ ከሌላው ጋር ባይያያዝ አምስቱም በአንድ ላይ በጊዜያቸው የመሳካት ዕድላቸው 0.8 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፤ 33 በመቶ ግድም ይሆናል። አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው እውነት ተናግረው መሪው ከአምስቱ ቃል ያወጣው ቀን ከሦስት ጊዜ ሁለቱን የሚከሽፍ ነው። ስለዚህ በግምገማ ላይ አንድ በአንድ «ትደርሳላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም።

ከአምስቱ ከሁሉም በላይ ጉድጓዱን በጥንቃቄ እንድታዩት እንለምናለን፤ የቀሩት ሁሉ የሚከተሉት እሱን ነውና። በጥናት ሰነዱ ላይ የተጻፈው የውሃ መጠን ግምት ነው። የመሬት ፊዚክስ ቅኝት ውሃ የሚገኝበትን ቦታ ይጠቁማል እንጂ በሴኮንድ ስንት ሊትር እንደሚወጣ አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው የፓምፕ ሙከራ ነው። መጀመሪያ መጠኑን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ ይሞከራል፤ ቀጥሎ በአንድ መጠን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ሳይቋረጥ ይቀዳል፤ በመጨረሻም ውሃው ወደ ቦታው የሚመለስበት ፍጥነት ይለካል። ጊዜ ለመቆጠብ ሙከራውን በስድስት ሰዓት ያጠናቀቀ ሰው የሚያየው ጥሩውን ክፍል ብቻ ነው። የውሃው ደረጃ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የረጋ መስሎ ቆይቶ፣ የሚቀዳበት ዙሪያ ሰፍቶ ውሃ የማያስተላልፍ ዓለት ሲነካ እንደገና መውረድ ይጀምራል። ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶች ላይ ወቅቱም ለውጥ አለው፤ በጥቅምት የተሞከረ ጉድጓድ በሚያዝያና በግንቦት የሚሰጠውን አይነግራችሁም።

ልዩነቱ በሰው ቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። 18,000 ነዋሪ ያላትን ከተማ እንውሰድ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ20,000 በታች ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የተያዘው መለኪያ በነፍስ ወከፍ በቀን 40 ሊትር ነበር፤ በሱ እናስላ። ጥናቱ በሴኮንድ 20 ሊትር ገምቷል። ፓምፑ በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ 1,152 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ ሩቡ በመስመር ላይ ይባክናል ብንል 864 ይቀራል። ይህ ለ21,600 ሰው ይበቃል፤ ከተማዋ ጠግባ ይተርፋታል። ሙከራው ግን በሴኮንድ 9 ሊትር አሳየ። በዚያው ስሌት 518 ሜትር ኩብ ይወጣል፣ ከብክነት በኋላ 389 ግድም ይቀራል፤ የሚበቃውም ለ9,700 ሰው ነው። ይህ ውጤት በእጁ የገባ መሪ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው «ውሃ ተገኝቷል» ብሎ ማብሰር ነው፤ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከዓመት በኋላ ከፍ ያለው ሰፈር በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሲደርሰው ጠቡ የሚመጣው ወደ መሪው ነው። ሁለተኛው «ለግማሹ የሚበቃ ውሃ አግኝተናል፤ ሁለተኛ ጉድጓድ ያስፈልገናል፤ እስከዚያ ሥርጭቱ በፈረቃ ይሆናል፤ ፈረቃውም ይህ ነው» ማለት ነው። ይህኛው ያገኘነውንም ያጎደለንንም ይናገራል፤ ሰው ሊይዘው የሚችል ተስፋ ይህ ነው ብለን እናምናለን።

በስምጥ ሸለቆ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጉድጓዱ ብዙ ውሃ ሰጥቶም ፍሎራይዱ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር ሊበልጥ ይችላል። የላቦራቶሪው ውጤት ሳይመጣ በዚያ አካባቢ «ተገኘ» የሚለው ቃል ባይነገር ይሻላል።

ጥድፊያው ጉዳት የሚያደርሰው በንግግር ብቻ አይደለም። ቀኑን ለመያዝ ሲባል ፓምፑ ሙከራው ሳይደረግ በጥናቱ ግምት ይታዘዛል። በሴኮንድ 20 ሊትር የሚስብ ፓምፕ 9 ሊትር በሚሰጥ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ውሃውን እስከ መሳቢያው አውርዶ በደረቁ ይሠራል፤ አሸዋ ይስባል፤ ሞተሩን የሚጠብቀው መሣሪያ በትክክል ካልተስተካከለ ሞተሩ ይቃጠላል። ቫልቭ በማጥበብ ማስታገስ ይቻላል፤ ነገር ግን ከተማዋ ለዓመታት የማያስፈልጋትን የኤሌክትሪክ ኃይል ትከፍላለች። ትክክለኛውን ፓምፕ እንደገና ማዘዝ ደግሞ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ)፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ)፣ ጉዞና ጉምሩክ ከመጀመሪያው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ይህ ስህተት በገንዘብም ይበልጥ ይጎዳል። ያን ጊዜ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያ በፊት በተፈረመ ውል ላይ ያለ የውጭ ዕቃ ዋጋ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ከሌለው፣ ተቋራጩ ዕቃውን የማያመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብዛት አይፈታም።

አሁን ወደ ሪፖርቱ እንምጣ። «ፊዚካል አፈጻጸሙ 90 በመቶ ደርሷል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በጥርጣሬ እንድታነቡት እንጠይቃለን። ፐርሰንቱ የሚሰላው በውሉ የሥራ ዝርዝር ላይ ባለው የገንዘብ ክብደት ነው። በአንድ ውል ውስጥ ቧንቧና ቁፋሮው 60፣ ማጠራቀሚያው 15፣ ጉድጓዱ 7፣ ቦኖና የጥበቃ ቤቱ 8፣ ፓምፕ፣ ጄኔሬተርና የኤሌክትሪክ ሥራው 10 በመቶ ይዘው ይሆናል። ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ቢያልቅ 90 በመቶ ይጻፋል፤ ከቦኖው ግን ጠብታ አይወርድም። የቀረው 10 በመቶም ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው ነው፤ ከውጭ የሚመጣውና በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ ያለው ሥራ የተከማቸው እዚያ ነውና። በዚያ ላይ ተቋራጩ ቧንቧውን ቀድሞ አምጥቶ ሜዳ ላይ የሚከምረው ገንዘቡ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፐርሰንቱ ይሮጣል፣ በመጨረሻ ይቆማል፤ መሪው ደግሞ ቀን የሚናገረው በሚሮጥበት ጊዜ ነው። በግምገማ ላይ «ስንት ፐርሰንት ደረሰ?» ከማለታችሁ በፊት «ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ከቦኖ እስኪወርድ የቀሩት ነገሮች ምንድን ናቸው? እያንዳንዱስ በማን እጅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ ከመቶ ገጽ ሪፖርት የበለጠ ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ችግሩን ከእናንተ ቀድሞ ያውቃል። የማይናገረው በግምገማ ላይ ስጋት የሚያነሳ ሰው «ጨለምተኛ» ስለሚባል፣ መዘግየትን አስቀድሞ መጥቀስም የቁርጠኝነት ማነስ ተደርጎ ስለሚቆጠር ነው። ስለዚህ ቃሉን ያለሰልሳል፦ «አበረታች ነው»፣ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል»፣ «ጥቃቅን ማነቆዎች አሉ»። ቃሉ ከሱፐርቪዥን ወደ ጽሕፈት ቤት፣ ከጽሕፈት ቤት ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ቢሮ ሲወጣ በየደረጃው ትንሽ ትንሽ ይለሰልሳል፤ እናንተ ዘንድ ሲደርስ ችግሩ የለም። ይህን የሚቀይረው መመሪያ ሳይሆን የመጀመሪያውን መጥፎ ዜና ያመጣው ሰው ምን እንደገጠመው ሌሎቹ ማየታቸው ነው። በጊዜ የነገራችሁን በስብሰባው ፊት አመስግኑ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የነገራችሁን ለምን እንደዘገየ ጠይቁ። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ቁጣ ከተቀበላችሁ ማንም በጊዜ አይነግራችሁም።

የሚረዳ አንድ አሠራር እንጠቁማለን፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ተቋራጩን፣ ተቆጣጣሪውን፣ የፋይናንስና የግዥ ባለሙያዎችን፣ የውሃ አገልግሎቱን ቴክኒሻንና የቀበሌ ተወካዩን ሰብስቡ። «ከሁለት ዓመት በኋላ ነን፤ ውሃው አልመጣም። ለምን?» ብላችሁ እያንዳንዱ ሰው ሳይነጋገር በወረቀት ላይ ሦስት ምክንያት ይጻፍ። በወረቀት መሆኑ ግድ ነው፤ በቃል ከሆነ አለቃው የተናገረውን ሁሉም ይደግማል። ወረቀቶቹን ያለ ስም ሰብስባችሁ አንብቡ። ከሁለት ሰው በላይ የጻፈው ምክንያት ሁሉ ባለቤትና የሚጣራበት ቀን ይሰጠው። በዚህ መንገድ ስጋት የተናገረው ሰው ጨለምተኛ አይባልም፤ የተጠየቀው ስጋት ነውና።

ቀኑን ለማውጣት ደግሞ ከዕቅዱ ይልቅ ከመዝገብ ቤት ጀምሩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ ዕቅድ አውጪ ሰው በእጁ ያለውን ሥራ ብቻ እያየ ስለሚገምት ተመሳሳይ ሥራዎች ምን ያህል ጊዜ እንደወሰዱ እያወቀ እንኳ ከግምት አያስገባውም። ስለዚህ በዞናችሁ በቅርብ የተጠናቀቁ አምስት የውሃ ፕሮጀክቶችን ፋይል አውጡ። የእያንዳንዱን የወሰደውን ጊዜ ለታቀደለት ጊዜ አካፍሉ። ለምሳሌ 1.2፣ 1.4፣ 1.6፣ 1.9 እና 2.5 ቢወጣ መካከለኛው 1.6 ነው። አዲሱ ፕሮጀክት የ12 ወር ዕቅድ ካለው በ1.6 ሲባዛ 19 ወር፣ በ1.9 ሲባዛ 23 ወር ገደማ ይሆናል። ለሕዝብ የሚነገረው «ከ19 እስከ 23 ወር» ነው። «የእኛ ከሌሎቹ ይለያል» የሚል ካለ የሚለየው በየትኛው ነገር እንደሆነ ይጻፍ፦ ትራንስፎርመሩ ከወዲሁ ተተክሏል? በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የሚከፈለው ካሳ ተከፍሎ አልቋል? ጉድጓዱ ተሞክሯል? ካልሆነ ልዩነቱ ምኞት ነው።

ተቋራጩና ሠራተኛው 23 ወር የሚለውን ሰምተው እጃቸውን ሊያላሉ ይችላሉ፤ ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። ስለዚህ በሥራ ቦታው ላይ የሚያዘው ግብ የመጨረሻው ቀን አይሁን፤ የሳምንቱ ሥራ ይሁን። በዚህ ሳምንት ስንት ሜትር ቦይ፣ ስንት ሜትር ቧንቧ፣ ስንት ሜትር የግፊት ሙከራ። በዚያ ላይ ጥብቅ ሁኑ። ቧንቧ ተቀብሮ አፈር ከለበሰ በኋላ ግፊቱ ካልተሞከረ የሚያፈሰው መገጣጠሚያ የሚታወቀው መንገዱ ከተጠገነ በኋላ ነው፤ ስለዚህ «ተቀበረ» ከሚለው ቁጥር ይልቅ «ተሞከረ» የሚለውን ቁጠሩ።

ወደ ሌላው ጫፍ መሄድም ያጠፋል። ቀን ተናግሮ ያፈረ መሪ ብዙ ጊዜ «ሲደርስ ይነገራችኋል» ወደ ማለት ይዞራል። ይህ ጥንቃቄ ይመስላል፤ በተግባር ግን ማንም የማይጠየቅበት ፕሮጀክት ይፈጥራል። ቀን የሌለው ሥራ በጀት ሲሸነሸን መጀመሪያ ይቀነስበታል፣ መሐንዲሱ ወደ ሌላ ይዛወራል፣ ሜዳ ላይ የተከመረው የፕላስቲክ ቧንቧ በፀሐይ ይበላሻል። ስለ ውጤቱ እርግጠኛ ባትሆኑም ስለ ራሳችሁ ሥራ ቀን መስጠት ትችላላችሁ፦ «የፓምፕ ሙከራው ውጤት በደረሰን በሳምንቱ እዚሁ አደባባይ ላይ ቁጥሩን እንነግራችኋለን።» ይህ ቃል በእጃችሁ ነው፤ ሊጠበቅም ይችላል።

ግብ መከለስ ተስፋን ይገድላል የሚል ፍርሃት ካለ የታላቁን የሕዳሴ ግድብ ታሪክ አስቡ። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ሲቀመጥ በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል ተብሎ ነበር። በነሐሴ 2010 የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው ክፉኛ መዘግየቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ተነገረ፤ ሥራውም ከመንግሥታዊው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተወሰደ። የተርባይኖቹ ቁጥር ከ16 ወደ 13 ወረደ። የመጀመሪያው ኃይል በየካቲት 2014 ወጣ፤ ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ሕዝቡ መዘግየቱን ሰምቶ ግድቡን አልተወውም። ያ ዜና ከዓመታት በፊት በጊዜው ቢነገር ኖሮ እርምቱም በጊዜው ይጀመር ነበር የሚል እምነት አለን።

ምረቃን በተመለከተ የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር በመስከረም 2009 ተመርቆ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው በታኅሣሥ 2010 እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። በውሃ ላይ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይከብዳል። ሪባን ሲቆረጥ ውሃ የሚፈሰው በጄኔሬተር ሆኖ የነዳጅ በጀት ካልተያዘ፣ ኦፕሬተር ካልተቀጠረ፣ ታሪፍ በቦርድ ካልጸደቀ እንግዳው በሄደ በሳምንቱ ቦኖው ይደርቃል። ከምረቃ በፊት ሥርዓቱ በራሱ ሠራተኞችና በራሱ የኃይል ምንጭ ለ30 ተከታታይ ቀናት እንዲሠራ ቢደረግ፣ የምረቃውም ቀን ከዚያ በኋላ ብቻ ቢቆረጥ ብለን እንጠይቃለን።

ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ግምገማ የምንጠብቀው ይህ ነው። በእያንዳንዱ ፕሮጀክት ሪፖርት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከፐርሰንቱ በፊት «ውሃ እንዲወርድ የቀሩ ነገሮች» የሚል ሰንጠረዥ ከነባለቤታቸው ይግባ። የፓምፕ ሙከራው ሙሉ ውጤት ከሪፖርቱ ጋር ይያያዝ፤ ሙከራው ሳያልቅ ፓምፕ አይታዘዝ። ሙከራው ከተወሰነ መጠን በታች ቢያሳይ ሁለተኛ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ገንዘብ ከመጠባበቂያው ላይ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ይህ ዝቅተኛ የውሃ መጠንም ቁፋሮው ሳይጀመር በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ውጤቱ ከመጣ በኋላ «9 ሊትርም አይከፋም» ማለት ለሁሉም ሰው ቀላል ይሆናልና። የጊዜው ግምት ከአምስቱ ያለፉ ፕሮጀክቶች ስሌት ጋር ይቅረብ። ሰንጠረዡም በየሩብ ዓመቱ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነዋሪው በሚያነበው ቋንቋ ይለጠፍ።

ለማንኛውም ወረዳ የሰንጠረዡን ቅጽ ለማዘጋጀትና የመጀመሪያውን ስሌት አብሮ ለመሥራት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

በመጠጥ ውሃ ጥናት፣ ዲዛይንና ቁጥጥር ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች